ናይለን ለብሼ ቢራቢሮ ያየሁ ለት

እኔ አማርኛ የተማርኩት ገበያ ነው። ጨንቻ ገበያ፣ ጋቢ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ። ስለዚህ አማርኛዬ የሻጭ አማርኛ ነው። ዋጋ አውቃለሁ፣ ቀለም አውቃለሁ፣ ቀጭን ፈትልና ወፍራም ፈትል ለይቼ እናገራለሁ። ሌላውን ኋላ ነው የለቃቀምኩት። ያኔ ከታች አገር የሚመጣ ገዢ ሁሉ ጋቢውን ወደ ፀሐይ ያነሳና በብርሃን ያየዋል። ከዚያ «ብል አልነካውም?» ይለኛል። እኔም «ብል እኛ አገር ብርዱን አይችለውም» እላለሁ። ይሄን ስል ኖሬ፣ ስል ኖሬ፣ ራሴም አመንኩት።

ለእኔ ብል ማለት ፍየል ላላት ሴት ጅብ ማለት ነው። ጥጡን ፍሬውን ለቅመሽ፣ አፍታተሽ፣ ፈትለሽ፣ ጣትሽ እስኪላጥ አክርረሽ፣ ባልሽ ደግሞ እግሩን የሽመና ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ መወርወሪያውን ሲወረውር ከርሞ፣ ያንን ሁሉ ጥፍር የማታህል ነገር መጥታ ትበሳዋለች። ምን እንደምትመስል ግን አጥርቼ አላውቅም ነበር። ክንፍ ያላት፣ አቧራ የመሰለች፣ ሲመሽ የምትወጣ። በቃ እሷ ብል ናት። ከዚህ በላይ ምን ላጣራ?

አንቺ የምትጽፊልኝ የሴት ልጄ ልጅ ነሽ። አንቺማ ታውቂዋለሽ፣ ለሚያነበው ሰው ብዬ ነው። እናትሽ ሲቀላ ነው ቤቷ፣ አርባ ምንጭ ታችኛው ከተማ። ትንሹ ልጄ ደግሞ ገረሴ ነው፣ ሚስቱ አገር፣ እሱም ደጋ ነው። እኔ ጨንቻ ነበርኩ። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ብቻዬን።

ባለቤቴ ሸማኔ ነበር። እኔ እፈትላለሁ፣ እሱ ይሸምናል። ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ሲሠራ ኖሮ በመጨረሻ አንድ ቡልኮ ጀመረ። ቡልኮ የእኛ የደጋ ሰዎች ወፍራም የጥጥ ልብስ ነው፤ ጋቢ ብትደራርቢበት እሱን አያህልም። «ይሄን ግን አንሸጠውም፣ እኔና አንቺ ነን የምንለብሰው» አለኝ። ፈትሉ የእኔ፣ ሽመናው የእሱ። ጨረሰው፣ አጠፈው፣ አንድ ክረምት እንኳን ሳንለብሰው ሄደ። እኔም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት፣ ቆለፍኩት፣ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩት። ከዚያ ወዲህ ከፍቼው አላውቅም። እከፍተዋለሁ እልና እጄ እምቢ ይለኛል።

ቤቱም አረጀ። የእኛ አገር ቤት የቀርከሃ ነው፣ እንደ ቅርጫት ነው የሚሠራው። ስንገባበት ረጅም ነበር፣ ከሩቅ ይታያል። ምስጥ ከሥር ሲበላው የተበላውን እየቆረጥን እናስቀምጠዋለን፣ ቤቱ ዝቅ ይላል። እንደገና ይበላል፣ እንደገና ዝቅ። በመጨረሻ እኔ አጭሯ ሴት እንኳን አጎንብሼ ነው የምገባው። ክዳኑም አልቆ ነበር። በእኛ ቤት፣ «ቤት ተከደነ» አንልም፣ «ለበሰ» ነው የምንለው። የሸማኔ ቤት አይደል፣ ሁሉም ነገር ይለብሳል።

ሚሊኒየሙ ከተከበረ በኋላ ባለው ዓመት ነው፣ ለፋሲካ ወደ ሲቀላ ወረድኩ። እናትሽ «አዮ፣ ለበዓሉ ብቻ ነይ» አለችኝ። አዮ በእኛ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው። ለበዓሉ ብቻ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ልታስቀረኝ ነው። እኔም ገብቶኝ ነው የወረድኩት፣ ግን ሳጥኑን መኪናው ላይ አስጭኜ ነው። ባዶ ቤት ትቼው አልመጣም።

በዓሉ አለፈና ልጄ ከገረሴ ደወለ። ስልኩን እናትሽ ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ።

«አዮ፣ ቤቱን ላልብሰው ወይስ ልተወው?» አለኝ። «ክረምት ሳይገባ ነው። ዘንድሮ ካልለበሰ ዝናቡ ይጨርሰዋል። ካለበስኩት ደግሞ ትመለሺያለሽ ማለት ነው። ዝም ብዬ ባዶ ቤት አላለብስም።»

ልጄ እውነቱን ነው። «አስቤ እነግርሃለሁ» አልኩት።

«መቼ?»

«ስጨርስ።»

እናትሽ ስልኩን ዘግታ አየችኝ። «ምንድነው የምታስቢው? እዚያ ማን አለሽ? እዚህ ውሃው ቤት ድረስ ይመጣል፣ ሐኪሙ ቅርብ ነው፣ ልጆቹ አሉ።»

«ሙቀቱን ነው» አልኳት። ሙቀቱ ግን አልነበረም። ሙቀት ይለመዳል። እኔ ያስጨነቀኝ ቡልኮው ነው። እሱን ለብል አሳልፌ ልሰጥ ነው ወይ፣ ይሄ ነው።

የመጣሁ ለት ማታ ያየሁትን አይቻለሁዋ። ደጃፉ ላይ አምፖል አለ፣ እናንተ ስታበሩት እነሱ ከየት እንደሚመጡ አላውቅም፣ ግር ብለው መጡ። ቡናማ፣ ግራጫ፣ ነጭ። አምፖሉን ይዞራሉ፣ ግድግዳው ላይ ይለጠፋሉ። ነጠላ ጫማዬን አወለቅኩና ተነሳሁ። ጷ! ጷ!

«አዮ! ምን ሆንሽ?» እናትሽ ከውስጥ ሮጣ ወጣች።

«ብል! ቤትሽን ብል ወሮታል!»

አንቺ ሳቅሽ። ስምንተኛ ክፍል ነበርሽ፣ ሁሉን የምታውቂ። «እምዬ፣ ብል አይደለም፣ የእሳት ራት ነው።»

«የምን ራት?»

«የእሳት ራት። እሳት ሲያይ ይገባበታላ። ስሙ ነው።»

ይሄን ስም በዚያን ቀን ነው የሰማሁት። ገበያ ላይ ማንም ብሎት አያውቅም። «እሳት ራቱን ይብላው፣ እኔ አልከለክልም» አልኩ። «ግን ይሄ እሳት እስኪበላው ድረስ እሱ ራሱ ምን በልቶ ነው የሚቆየው? ምሳውን የት ነው የሚበላው? የእኔ ሳጥን ውስጥ ነው!»

እናትሽ ሳቅ አፈናት፣ እኔ ግን የምሬን ነበር። በነጋታው ሲቀላ ገበያ ሄድኩ፣ ክርና ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ ጋ። ጨንቻ ሳለሁም ክር የማመጣው ከእሳቸው ነው፣ ያውቁኛል።

«የብል መድኃኒት» አልኳቸው።

ነጫጭ ኳሶች በላስቲክ ሰጡኝ። «ይሄን ከልብሱ መሃል አድርጊ፣ የኔ እህት። ልጆች ከረሜላ መስሏቸው እንዳይበሉት ብቻ።»

ሳጥኑን ሳልከፍት በክዳኑ ስንጥቅ አንድ በአንድ ጣልኳቸው። ቤቱ ሁሉ ሸተተ። አባትሽ «ሆስፒታል የተኛሁ መሰለኝ» አለ።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው አንቺ ከትምህርት ቤት ደስ ብሎሽ የመጣሽው። የተፈጥሮ ክበብ ነው የምትሉት፣ እሱ ውስጥ ነበርሽ። «እሁድ ከከተማው ሥር ያለው ሸለቆ እንሄዳለን፣ ወላጅ ይዛችሁ ኑ ተብለናል። እምዬም ትመጣለች» አልሽ።

«ምን አለ እዚያ?» አልኩሽ።

«ቢራቢሮ! እዚህ አገር በቢራቢሮ የታወቀ ነው። የቀንም አለ፣ የሌሊትም አለ። የሌሊቱ የእሳት ራት የምልሽ ነው፣ በጣም ትልልቅ።»

«በጣም ትልልቅ?»

እጅሽን ዘርግተሽ አሳየሽኝ። መዳፍሽን ሙሉ።

እኔ እንግዲህ ምን ላስብ? ጨርቅ የሚበላ ነገር፣ መዳፍ የሚያህል፣ ሸለቆ ሙሉ፣ ያውም እናትሽ ቤት ሥር። ሰው ደግሞ ሊያየው ይሄዳል። «እሄዳለሁ» አልኩ። መሄድ አለብኝ። ልጄ ቤቱን ላልብስ ወይ እያለ እየጠበቀኝ ነው፣ እኔ ደግሞ የማድርበትን አገር ሳላይ አልወስንም። በሬ የምገዛ ቢሆን ጥርሱን አያለሁ አይደል?

እሁድ ጠዋት እናትሽ የበዓል ነጠላዋን ለብሳ ወጣች፣ ጥለቱ ቀይና ቢጫ፣ አባቷ የሠራላት። ለእኔም የእኔን አውጥታ አስቀምጣልኛለች። እኔ ግን ከእሷ ቁም ሣጥን አንድ የናይለን ቀሚስ አንስቼ ለብሻለሁ። አበባ አበባ ያለው፣ ሰፊ፣ ሲራመዱበት ሽው ሽው የሚል። ራሴንም በናይለን ሻሽ አሰርኩ።

እናትሽ በሩ ላይ ቀጥ አለች። «አዮ፣ ምንድነው ይሄ?»

«ናይለን ነው። ናይለን ብል አይበላውም።»

«ኧረ ባክሽ! ሰው ምን ይላል? የሸማኔ ሚስት፣ የጋቢ ነጋዴ፣ ናይለን ለብሳ! አባዬ ቢያይሽ!»

«አባትሽ ቢያየኝ ብልህ ሴት አገባሁ ይል ነበር። አንቺ ነጠላሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ብል ቆርጦ ሲሰጥሽ ግን እንዳታለቅሺብኝ።»

አንቺ ሆድሽን ይዘሽ መሬት ተቀምጠሽ ነበር በሳቅ። ይሄንንም ጻፊው፣ አትዝለዪው።

በባጃጅ እስከ ከተማው ጫፍ ሄድን፣ ከዚያ በእግር። ከላይኛው ከተማ ከሴቻ በኩል ገደሉ ቁልቁል ይታያል፣ እኛ ግን ከታች ነው የገባነው። ሾላው፣ ዋርካው፣ ስሙን የማላውቀው ዛፍ ሁሉ፣ ፀሐይ መሬት አይነካም። ሥሩ መንገዱን ያቋርጣል። ውሃው ከድንጋይ ሥር ዝም ብሎ ይወጣል። ጉሬዛ ከላይ ሆኖ ያየናል፣ ነጭ ፀጉሩን እንደ ጋቢ ትከሻው ላይ ጥሎ። እናትሽ ክንዴን ይዛ «ቀስ፣ ቀስ» ትለኛለች። ጨንቻ ቁልቁለት ላይ ውሃ ተሸክሜ ላደግኩ ሴት! «አንቺ ቀስ በይ፣ ጫማሽ ነው የሚያዳልጠው» አልኳት፣ ወዲያው አዳለጣት።

የሸለቆው ዘበኛ ክበባችሁን እየመራ ከፊት ነበር፣ ጢማም ሰውዬ፣ ረጅም ቦት ጫማ ያደረገ። እኔን ሲያይ ፈገግ አለ።

«እማማ፣ ሠርግ ነው እንዴ? አምሮብዎታል!»

«ጦርነት ነው» አልኩት። አልገባውም።

መጀመሪያ ያሳየን የቀኖቹን ነው። መንገዱ ዳር ጭቃ አለ፣ ጭቃው ላይ ቢጫ ጨርቅ የተነጠፈ መሰለኝ። ስንጠጋ ጨርቁ ተነሳ። እውነት እልሻለሁ፣ መሬቱ ነው የተነሳ የመሰለኝ። ቢጫ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ የሚያብለጨልጭ፣ ብርቱካንማ ጥቁር ጠርዝ ያለው። ዙሪያችንን ዞሩና እኛ ዝም ስንል ተመልሰው እዚያው ጭቃ ላይ ተቀመጡ። ካሜራ ያለው ካሜራውን፣ ስልክ ያለው ስልኩን አወጣ፣ ፎቶ፣ ፎቶ።

«ለምንድነው እዚች ላይ ብቻ የሚሰበሰቡት?» አልኩት ዘበኛውን። «ውሃ እዚያም አለ፣ እዚህም አለ።»

ሰውዬው አፈር ብሎ የክበባችሁን መምህር አየ። መምህርሽ ወጣት ሴት ናት፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ንግግሯ ቆንጆ። እሷም ሳቅ አለችና «እማማ፣ ከብቶች ውሃ ሊጠጡ ሲመጡ እዚህ ይሸናሉ። ቢራቢሮዎቹ ጨው ፈልገው ነው» አለች።

«ሽንት ነው?»

«አዎ።»

«ይሄ ሁሉ ሰው ለብሶ አጊጦ የመጣው ሽንት የሚጠጣ ሊያይ ነው?»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ወዲህ ቢራቢሮ ሳይ ክብሩ ይቀንስብኛል፣ ግን የበለጠ ወደድኩት። እኛ ሰዎችም ጨው ፍለጋ ስንት አገር ሄደን የለም? አንዷ መጥታ ቀሚሴ ላይ ልታርፍ ሞከረች፣ ናይለኑ አዳለጣትና ወደቀች። ተነስታ እናትሽ ነጠላ ላይ ተቀመጠች። «አትብዪው!» አልኳት። እናትሽ ቀና ብላ «ዝም በይ አዮ፣ እንዳትበርብኝ» አለችኝ፣ እንደ ልጅ ትንፋሿን ይዛ። ልጄን እንደዚያ ሆና ካየኋት ብዙ ዘመን ነው።

ከዚያ መምህርሽ «አሁን የሌሊቶቹን» አለች። ሻሼን አጠበቅኩ። ዛፎቹ መሃል ገባን። ሁለት ግንድ መሃል ገመድ ታስሯል፣ ገመዱ ላይ ነጭ አቡጀዲ ተዘርግቷል፣ ከላይ እስከ ታች። እና አቡጀዲው ላይ ተቀምጠዋል። ከዳር እስከ ዳር! የዛፍ ቅርፊት የመሰለ፣ የደረቀ ቅጠል የመሰለ፣ ነጭ ዱቄት የነሰነሱበት የመሰለ፣ አንዷ ደግሞ መዳፌን የምትበልጥ፣ ክንፏ ላይ ዓይን የመሰለ ክብ አላት፣ ታየኛለች።

«ማታ ከጀርባው መብራት አብርተን ነው ያደርነው» አለች መምህርሽ። «ብርሃኑን አይተው ይመጣሉ፣ ነጩ ጨርቅ ላይ ያርፋሉ። ጠዋት እንድታዩአቸው ብለን አልነካናቸውም።»

እኔ ራሴን መቆጣጠር አቃተኝ። «ኧረ በሕግ አምላክ! ይሄን የሚያህል የጥጥ ልብስ ለብል ገበታ ዘርግታችሁ አሳደራችሁለት? ማነው የሸመነው? አላሳዘናችሁም?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እናትሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አንቺ ግን መጥተሽ ከጎኔ ቆምሽ፣ ይሄን አልረሳልሽም። «እምዬ፣ ነገርኩሽ እኮ፣ እነዚህ ብል አይደሉም» አልሽኝ።

«ዓይኔ ይየው» አልኩ።

መምህሯን «ይሄ ልብስ አዲስ ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«አይ፣ ከአምና ጀምሮ እሱን ነው የምንጠቀመው። ብዙ ሌሊት ተሰቅሏል።»

«ልየው።»

«ይዩት እማማ፣ ቀስ ብለው ብቻ።»

ተጠጋሁ። ይሄ የእኔ ሥራ ነው፣ ማንም አይነግረኝም። ከአንዱ ጫፍ ያዝኩና በጣቴ መሃል እያሳለፍኩ ሄድኩ፣ ልክ ገበያ ላይ እንደማደርገው። ፀሐይ በዛፉ መሃል ከጀርባው ገብታለች፣ ክሩ አንድ በአንድ ይታያል። እነሱ ተቀምጠዋል፣ አይንቀሳቀሱም፣ የተቀመጡበትን ዙሪያውን አየሁ። ትልቋ ያለችበትን አየሁ። ደህና ነው። ወደ ታች ወረድኩ። ደህና። ወደ ዳር ሄድኩ፣ ቀዳዳ አገኘሁ!

«ይኸው!» አልኩ። ደስ አለኝ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ደስ አለኝ። «ይኸው፣ ምን አልኩ!»

መምህሯም፣ ዘበኛውም፣ ልጆቹም ተሰበሰቡ። ቀዳዳውን ወደ ዓይኔ አቀረብኩ። ብል ክር አይጎትትም። ብል ይቆርጣል፣ አጠገቡ ያለው ክር ባለበት ይቆያል። ይሄኛው ግን ዙሪያው ተጎትቷል፣ ተሸብሽቧል። የሆነ ነገር ይዞት ነው የተቀደደው።

«ምስማር ነው?» አልኳት።

«እሾህ ነው መሰለኝ፣ አምና ስናወርደው ያዘው» አለች።

«እሾህ ነው» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ከማንም በላይ የማውቀው ይሄን ነው። ጨርቅ አይዋሸኝም። ያ ሁሉ ሌሊት፣ ያ ሁሉ ክንፍ፣ አንድ ክር አልተበላም።

አንቺ ትልቋን አሳየሽኝ። «ይቺ እምዬ፣ አፍ የላትም።»

«አፍ የላትም ማለት?»

«ከተፈለፈለች በኋላ አትበላም። ትል ሆና የበላችው ነው የሚያኖራት። ጥቂት ቀን ኖራ፣ እንቁላል ጥላ ትሞታለች።»

«ባሏስ?»

«እሱም የለውም።»

«ታዲያ በምን ይጣላሉ!»

ዘበኛው እጁን አጨበጨበ። «እማማ፣ በየእሁዱ ይምጡልን» አለኝ።

እኔ ግን ጥያቄዬ አላለቀም። መምህሯን ወደ ጎን ወሰድኳት። «ልጄ፣ ብል የሚባል ነገር አለ ወይስ የለም? ገዢዎቼ ውሸታቸውን ነው?»

«አለ እማማ። ግን በጣም ትንሽ ናት፣ የሩዝ ፍሬ ብታህል ነው። ደግሞ ብርሃን ትሸሻለች። መብራት ላይ የሚዞር ካዩ፣ ልብስ የምትበላዋ እሷ አይደለችም። እሷ ጨለማ ነው የምትወደው። ተዘግቶ የቆየ፣ ታጥፎ የተረሳ፣ ላብ የነካው፣ በተለይ ሱፍ።»

«መድኃኒቷስ?»

«ማውጣት ነው። ፀሐይ ማስመታት፣ ማራገፍ። ከሁሉ ደግሞ መልበስ።»

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ እጄን አንገቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። እናትሽ የታመምኩ መሰላት። «ውሃ ትጠጪያለሽ?» ትለኛለች። አልታመምኩም። አንገቴ ላይ ያለውን ቁልፍ እያሰብኩ ነው።

ቤት እንደገባን ናይለኑን አወለቅኩ፣ የራሴን ለበስኩ፣ ሳጥኑን ጎትቼ ፀሐይ ላይ አወጣሁትና ከፈትኩት። የሐጂ ኳስ ሽታ ዓይኔን አስለቀሰኝ። ኳሱ ነው ያልኩት፣ እናንተም አመናችሁ። ቡልኮውን አውጥቼ ገመድ ላይ ጣልኩት። ከባድ ነው፣ እናትሽ አግዛኝ ነው። ከዚያ ጀመርኩ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በጣቴ። የእሱ አሠራር ጥብቅ ነው፣ ውሃ አያሳልፍም ማለት ይቻላል። የእኔን ፈትል አወቅኩት፣ አንዳንድ ቦታ ወፍሯል፣ ያኔ ትከሻዬን ያመኝ ነበር።

አንዱ ማዕዘን ላይ ተበልቷል።

እናትሽ «ወይኔ! ብል ነው?» አለች።

«አይጥ ነው» አልኳት። የአይጥ ጥርስ ያስታውቃል፣ በአንዴ ብዙ ክር ነው የሚወስደው። ደግሞ የተቆረጠው ክር ጫፉ ጠቁሯል። ጥላሸት ነው። ሲቀላ ቤት ውስጥ ጭስ የለም፣ እናትሽ በኤሌክትሪክ ነው የምትሠራው። ይሄ ጥላሸት የጨንቻ ነው። ሳጥኑ ሥሩም ተሰንጥቋል፣ በዚያ ነው የገባው። እኔ እዚያ ቁልፉን አንገቴ ላይ አስሬ ስጠብቀው፣ አይጡ ከታች ሲበላ ኖሯል።

እናትሽ ምን እንደምል ጠበቀች። አንቺም ቆመሽ ነበር። እኔ «መርፌ አምጡልኝ፣ ክርም» አልኩ። የናይለን ክር አመጣሽልኝ፣ መለስኩሽ። ከሳጥኑ ሥር የቀረ የራሴ ድውር ፈትል ነበር፣ በእሱ ሰፋሁት። የተሰፋ መሆኑ ይታያል። ይታይ።

ማዕዘኑን ጨርሼ እናትሽን «ለወንድምሽ ደውዪለት» አልኳት።

«አዮ፣ ወሰንሽ?» አለ ከወዲያ በኩል። ነፋስ ይሰማል፣ ኔትዎርክ ለማግኘት ጉብታው ላይ ወጥቶ ነው።

«ወሰንኩ። ቤቱን አታልብሰው።»

«ይወድቃል እኮ።»

«ይውደቅ።»

«አባዬ የሠራው ቤት?»

«አባትህ አልሠራውም። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ነው የሠራው፣ አባትህ ቀርከሃ ሲያቀብል ነበር። እኔ ስለነበርኩ አውቃለሁ። አባትህ የሠራው ቡልኮውን ነው። ገረሴ ይበርዳል?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው አዮ፣ ገረሴ አይደል እንዴ! አሁን እየተንቀጠቀጥኩ ነው የማወራሽ።»

«እንግዲያው ቤቱን ተወው፣ አንተ ልበስ። በመኪና እልክልሃለሁ። እዚህ ሙቀቱ አያስለብስም። ሳጥን ውስጥ ከከተትከው ግን መጥቼ እወስደዋለሁ። እርሻ ስትወጣ ልበሰው፣ ለቅሶ ስትደርስ ልበሰው፣ ልጅህን ሸፍንበት። ይለቅ።»

«አዮ፣ የአንቺና የእሱ ነው ብለሽኝ ነበር።»

«ነው። ስለዚህ እኔ ነኝ የምወስነው።»

ስልኩ ውስጥ ነፋሱ ብቻ ይሰማል፣ ከዚያ አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማሁ። እናትሽ ስልኩን ከጆሮዬ ወሰደችው። «ነገ እንደውልልሃለን» ብላ ዘጋችው።

ቡልኮው ሄደ። ክረምቱም ገባ። ዝናቡ ቤቱን እንደወሰደው በሰው ሰማሁ፣ አንድ ሌሊት አዘንብሎ አድሮ ጠዋት ተኝቶ አገኙት አሉኝ። ጎረቤቶች «ቀርከሃውን ለአጥር ብንወስደው?» ብለው ላኩብኝ። ውሰዱት አልኩ። አልቆጨኝም ካልኩሽ ውሸት ነው። ሲዘንብ ቆርቆሮው ላይ እሰማና፣ አሁን እዚያ ማንም የማይሰማው ዝናብ እየዘነበ ነው እል ነበር። ግን «ልመለስ» የሚል ሐሳብ አልመጣብኝም። የእኔ ነገር እንደዚህ ነው፣ ስጨርስ እጨርሳለሁ።

ለመስቀል ከእናትሽ ጋር ወደ ጨንቻ ወጣን፣ ዘመድ ለመጠየቅ። መኪናው ዳገቱን ሲወጣ እጄን ይዛኝ ነበር። ቦታው ስንደርስ ለቀቀችኝና ወደ ኋላ ቀረት አለች፣ ብቻዬን እንድሆን ብላ። ቤቱ የነበረበት ቦታ ተቆፍሮ እንሰት ተተክሎበታል። የጎረቤቴ ልጅ ነው የተከለው፣ ስላልፈቀድኩለት ፈርቶ ከአጥሩ ኋላ ያየኛል። ጠጋ ብዬ አየሁት። አፈሩ ጥቁር ነው፣ የስንት ዘመን አመድ አለበት፣ እንሰቱ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ ሰፍቷል። አንዱ ግን ለሌላው በጣም ቀርቧል።

«አንተ!» አልኩት። «ይሄንን ንቀልና ወደዚያ አርቀው፣ ሲያድጉ ይጣላሉ።»

«እሺ እማማ» አለና ወዲያው መቆፈሪያውን ይዞ መጣ።

እናትሽ መጥታ ፊቴን አየችው፣ እንባ ስትፈልግ። «ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ጥሩ ቦታ ነው የተከለው» አልኳት። «ነይ፣ መኪናው ሳያመልጠን። ሳይመሽ ቤቴ መግባት እፈልጋለሁ።»